ነሐሱን ማን ያፈሳል?



ወደ ሆሳዕና የጠራኝ ደብዳቤያችሁ «ስለ ሐውልት ሥራ ይንገሩን፤ ርእሱን እርስዎ ይምረጡ» ይላል። ምረጥ የተባለ ሰው ሩቅ መሄድ ይወዳል፤ እኔም እስከ ሂማላያ ተራሮች ሥር ሄጃለሁ። የዛሬው ርእሴ የቡድሃን የመዳብና የነሐስ ሐውልቶች የሚሠሩና ቀለም የሚቀቡ ሰዎች ሙያ ነው። ከፊት የተቀመጡት የቃለ ሕይወትና የመካነ ኢየሱስ ሽማግሌዎች እርስ በርስ ሲተያዩ አያለሁ። አይዟችሁ፣ ሃይማኖት ልሰብክ አልመጣሁም። ለሐውልቱ ማን እንደሚሰግድ የሰጋጁ ጉዳይ ነው፤ እኔን የሚያሳስበኝ ማን እንደሚያቀልጠው፣ ማን እንደሚሞርደው፣ ዐይኑንስ ማን እንደሚስለው ነው።

ንግግሬ ሦስት ቦታ ይቆማል። መጀመሪያ ኔፓል እንሄዳለን። ቀጥሎ በራሳችን አገር ከአክሱም እስከ አዲስ አበባ እናልፋለን። መጨረሻ ላይ እዚሁ እንመለሳለን፤ ገበያ ዳር ወናፉን እያስነፋ ማረሻና ማጭድ የሚቀጠቅጠው ሰው ዘንድ። ዋናው ነገሬ ያለው እሱ ጋ ነው።

ከመነሳታችን በፊት አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። በአገራችን ከተሞች አደባባይ ከቆሙት ሐውልቶች አንዱን ጠጋ ብላችሁ በጣታችሁ አንኳኩታችሁ ታውቃላችሁ? ብዙዎቹ ሲሚንቶ ናቸው፤ አዲሶቹ ደግሞ ፋይበርግላስ። ከላይ የነሐስ ወይም የወርቅ ቀለም ይቀባሉ፤ ክረምትና በጋ ሲፈራረቅባቸው ቀለሙ ይላጣል፣ ለበዓል ሲባል እንደገና ይቀባል። ሲሚንቶን አልንቅም፤ በሲሚንቶ ግሩም ሥራ የሠሩ ሰዎች አሉን። ነሐስ ለመምሰል የተቀባ ሲሚንቶ ግን አንድ ነገር ያሳብቃል። ነሐሱን ፈልገነው ነበር ማለት ነው፤ የሚያፈሰው ሰው ነው የጠፋብን።

እንግዲህ ወደ ፓታን። ፓታን፣ በሌላ ስሟ ላሊትፑር፣ ከኔፓል ዋና ከተማ ከካትማንዱ ጋር የተያያዘች ጥንታዊ ከተማ ናት። ነባር ነዋሪዎቿ ኔዋሮች ይባላሉ። የቡድሃን ሐውልት በሰም እየቀረጹ በመዳብ ማፍሰስ የጀመሩት ከሺህ ዓመት በፊት ነው፤ ዛሬም ከቤት ሥር ባሉ ጠባብ ክፍሎች ይሠሩታል። ምርታቸው ወደ ቲቤት፣ ወደ ቡታን፣ በዓለም ዙሪያ ወዳሉ የቡድሃ ቤተ መቅደሶች ይሄዳል።

ሥራው በሰም ይጀመራል። የንብ ሰም ከዛፍ ሙጫና ከጥቂት ቅባት ጋር ይቀላቀላል። መጠኑ እንደ ወቅቱ ነው፤ ሙቀት ሲበረታ ሰሙ እንዳይልም ሙጫው ይበዛል፣ ብርድ ሲሆን እንዳይሰነጠቅ ቅባቱ ይጨመራል። ሠራተኛው ሰሙን በእሳት ዳር እያሞቀ፣ ከእንጨት ወይም ከቀንድ በተሠራች ትንሽ መሣሪያ እየጫነ ፊቱን፣ ጣቱን፣ የልብሱን እጥፋት ያወጣል። ሐውልቱ ውስጡ ክፍት እንዲሆን ስለሚፈለግ ሰሙ ስስ ነው፤ ሆዱ ውስጥ ጭቃ ይሞላል። ከዚያ ከሰም የተሠሩ ዘንጎች ይቀጠሉበታል። አንዳንዱ መዳቡ የሚገባበት ቦይ ነው፤ ሌላው አየሩ የሚወጣበት።

ቀጥሎ ጭቃ ይለበጣል። የመጀመሪያው ልባስ ከደቃቅ ሸክላ አፈርና ከእበት የተዘጋጀ፣ እንደ አጥሚት የቀጠነ ነው። የጣት አሻራ ሳይቀር ይዞ የሚያስቀረው ይህ ልባስ ነው። በጥላ ይደርቃል፤ ሌላ ይደረብበታል፤ እሱም ይደርቃል። የውጪው ልባስ የሩዝ ገለባ የተቀላቀለበት ወፍራም ጭቃ ነው። የጭቃ ቤት ግድግዳ ለስናችሁ ያደጋችሁ ሁሉ ይህን ሙያ ግማሹን ታውቁታላችሁ፤ ገለባው ለምን እንደሚገባ፣ በፀሐይ የደረቀ ጭቃ ለምን እንደሚሰነጠቅ ማንም ሊያስተምራችሁ አያስፈልግም።

አሁን እሳቱ። ጭቃው ሲሞቅ ሰሙ ቀልጦ በቦዩ ይወጣል፤ ሰም ለመቅለጥ ከ60 ጥቂት ያለፈ ዲግሪ ይበቃዋል። ባዶው ቅርጽ እንደገና ይተኮሳል፣ እስኪግል። በጎን በኩል መዳቡ እየቀለጠ ነው፤ ንጹሕ መዳብ የሚቀልጠው በ1085 ዲግሪ ነው። ሁለቱ እኩል መድረስ አለባቸው። ቅርጹ ከቀዘቀዘ መዳቡ ግማሽ መንገድ ላይ ይረጋል፤ ሐውልቱ ያለ እጅ ወይም ያለ አፍንጫ ይወጣል። ሲፈስ ቀጥ ብሎ፣ ሳይቆራረጥ መፍሰስ አለበት። የቅኔ ቤት ተማሪዎች ሰምና ወርቅ ትዝ ብሏችሁ ፈገግ ስትሉ አያለሁ፤ ወደዚያ አልገባም፣ እኔን የያዘኝ ጭቃው ነው። መዳቡ ሲበርድ ጭቃው በመዶሻ ይሰበራል። በአንድ ቅርጽ አንድ ሐውልት ብቻ ነው የሚወጣው፤ ቢበላሽ ከሰሙ ይጀመራል።

የሚወጣው ነገር ደግሞ አያምርም። ጥቁር ነው፣ ሸካራ ነው፣ የቦዮቹ ጉቶ እንደ እሾህ ወጥቶበታል። እዚህ ላይ ሌላ ሰው ይረከበዋል። ጉቶውን ይቆርጣል፣ በሞረድ ያስተካክላል፣ ቀዳዳ ካለ በመዳብ ይደፍናል፤ ከዚያ በትናንሽ መሮና በቀላል መዶሻ የልብሱን ጥልፍ፣ የፀጉሩን ቁጥርጥር አንድ በአንድ ይቀርጻል። ይህ ሳምንታት፣ ለትልቅ ሥራ ወራት የሚፈጅ ነው። ሰም የሚቀርጸው፣ የሚያፈስሰው፣ በመሮ የሚቀርጸው፣ ወርቅ የሚቀባው የተለያዩ ሰዎች ናቸው። ይህን ያዙልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

ወርቅ መቀባቱ የሙያው አደገኛ ክፍል ነው። ወርቅ ከሜርኩሪ፣ አባቶች ባዜቃ ከሚሉት ፈሳሽ ብረት ጋር ሲቀላቀል እንደ ቅቤ ይለሰልሳል። ድብልቁ በጸዳው መዳብ ላይ ይቀባል፤ በከሰል እሳት ሲሞቅ ሜርኩሪው ተንኖ ይሄዳል፣ ወርቁ ከመዳቡ ጋር ተጣብቆ ይቀራል። ከዚያ በለስላሳ ድንጋይ ይወለወላል። ኔዋሮች ከነሐስ ይልቅ ንጹሕ መዳብን የሚመርጡት ለዚህ ነው። መዳብ ለማፍሰስ ያስቸግራል፤ ወርቁን የሚቀበለው ግን እሱ ነው። የሜርኩሪው ትነት ሳንባን፣ ኩላሊትንና ነርቭን ይጎዳል፤ እጅን ያንቀጠቅጣል። ሐውልት ቀራጭን እጁን መንሳት ማለት ነው። እዚህ አዳራሽ ውስጥ አንጥረኛ ካለ አደራ እላለሁ፤ ይህን ክፍል እወቁት እንጂ አትሞክሩት።

መጨረሻ የሚመጣው ሠዓሊው ነው። ፊቱን፣ የተፈጨ ወርቅ በሙጫ በጥብጦ፣ ያለ እሳት ይቀባዋል። ስለዚህ የፊቱ ወርቅ እንደ አካሉ አያብረቀርቅም፤ ፈዘዝ ያለ፣ የሰው ቆዳ ልስላሴ ያለው ነው። ፀጉሩ ሰማያዊ ይሆናል፤ ከንፈሩ ቀይ። ዐይን የሚሳለው በስተመጨረሻ ነው። ሐውልቱ ወደ ቤተ መቅደስ ሲገባ በባዶው ሆዱ ውስጥ ጸሎት የተጻፈባቸው ጥቅል ወረቀቶችና እህል ተጨምረው ከሥሩ በመዳብ ሰሌዳ ይታሸጋል። በጃፓን ናራ ከተማ እ.ኤ.አ. በ752 የተመረቀው፣ 15 ሜትር ገደማ የሚሆነው የነሐስ ቡድሃ ዐይኑ የተሳለው ከሕንድ በመጣ ቦዲሴና በሚባል መነኩሴ ነበር። በብሩሹ ላይ ረጃጅም ክሮች ታስረው፣ የተሰበሰበው ሕዝብ ክሩን ይዞ ነበር፤ ዐይኑን አብረን ሳልን እንዲል። የእኛ የምረቃ በዓል መጋረጃ በመግለጥ ያበቃል። እንዲህ ያለ ነገር ቢለመድ አልጠላም።

ስለ ኔፓል ሳልጨርስ አንድ ሰው ላስተዋውቃችሁ። አርኒኮ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1260 ቲቤት ላይ ወርቃማ ቤተ መቅደስ ለማሠራት የሞንጎሎቹ ንጉሥ ኩብላይ ካን ባለሙያ ሲጠይቅ፣ ከኔፓል 80 ያህል ሠራተኞች ተላኩ፤ መሪያቸው ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ያለው አርኒኮ ነበር። በኋላ ወደ ቻይና ቤተ መንግሥት ተወሰደ። ታሪኩ እንደሚለው፣ ንጉሡ ለሕክምና ማስተማሪያ የሚሆን፣ የመርፌ ሕክምና ነጥቦች የተመለከቱበት አንድ የተበላሸ የነሐስ ሰው ነበረው። የቤተ መንግሥቱ ባለሙያዎች ሊጠግኑት አልቻሉም። ልጁ እንዲህ ያለ ነገር ሠርቶ አያውቅም ነበር፤ ልሞክር አለ፣ ጠገነውም። ቤጂንግ ውስጥ ዛሬም የቆመው ነጩ ስቱፓ፣ ማለትም የቡድሃ መታሰቢያ ሕንፃ፣ የእሱ ሥራ ነው። ከኔፓል የመጣ አንጥረኛ በትልቁ ግዛት ባለሥልጣን ሆኖ ሞተ። የብረት ሙያ ሰውን እንዲህ ከፍ የሚያደርግበት አገር አለ ለማለት ነው ያነሣሁት።

ወደ አገራችን እንምጣ። «እኛ ሐውልት የማፍሰስ ባህል የለንም» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ወደ አክሱም ውሰዱት። ንጉሥ ኢዛና ክርስትናን ከመቀበሉ በፊት ባስቀረጸው የድል ጽሑፍ፣ ለአምላኩ ለማሕረም አንድ የወርቅ፣ አንድ የብርና ሦስት የነሐስ ሐውልቶች እንዳቆመ ይናገራል። ሐውልቶቹ የሉም፤ ቀልጠው ለሌላ ነገር ውለው ይሆናል፣ የብረት ሐውልት ዕጣ ይኸው ነው። በ1906 እ.ኤ.አ. የመጣው የጀርመን የአክሱም ጥናት ቡድን ግን አንድ የሐውልት መቆሚያ ድንጋይ አገኘ። የእግር ማስገቢያው በድንጋዩ ላይ ተቦርቡሯል፤ ርዝመቱ 92 ሴንቲ ሜትር ነው። ቁመቱን እናንተው ገምቱት።

የቡድሃ አገርና የእኛ አገር ያን ያህል የተራራቁ አልነበሩም። ደብረ ዳሞ ላይ በጣሊያን ዘመን ከመቶ በላይ የወርቅ ሳንቲሞች ተገኝተዋል፤ የኩሻን ነገሥታት ሳንቲሞች ናቸው። ከኩሻን ነገሥታት አንዱ ካኒሽካ የቡድሃን ምስል በሳንቲም ላይ ያስቀረጸ ሰው ነው። ወርቃቸው ትግራይ ተራራ ላይ ከደረሰ ወሬያቸውም ሳይደርስ አይቀርም።

ክርስትና ከገባ በኋላ ቤተ ክርስቲያናችን ሥዕልን መረጠች፤ ቆሞ የሚታይ የተቀረጸ ምስልን አልወደደችም። ሰም የማቅለጡ ጥበብ ግን አልሞተም፤ መስቀል ውስጥ ገባ። በየገዳሙ ካሉት የመጾር መስቀሎች ብዙዎቹ በሰም ተቀርጸው፣ በጭቃ ተለብጠው የፈሰሱ ናቸው። ዐፄ ቴዎድሮስ ደግሞ ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ አስፈሰሱ፤ ሰባት ቶን ገደማ ነው። የአውሮፓ ሚሲዮናውያን መሩት ይባላል፤ ልክ ነው። ከሰሉን ማን አከሰለ? ወናፉንስ ማን ነፋ? ሰባት ቶን ነሐስ በጥቂት ሚሲዮናውያን እጅ አይፈስም።

አዲስ አበባ ላይ ቶሎ ልለፍ። በ1923 ዓ.ም.፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ንግሥ ዋዜማ የተመረቀውን የምኒልክ ሐውልት የሠራው ሐርትል የሚባል ጀርመናዊ ነው። የባቡር ጣቢያውን የይሁዳ አንበሳ የቀረጸው ፈረንሳዊው ዦርዥ ጋርዴ ነው። ጣሊያን ሁለቱንም ነቀለ፤ አንበሳው ሮም ድረስ ተወስዶ በኋላ ተመለሰ። የሐረሩን የራስ መኰንን ሐውልት አፈወርቅ ተክሌ ሠሩት፤ በሰኔ 2012 ዓ.ም. ሁከት ወደቀ። በአፍሪካ ኅብረት ግቢ በ2011 ዓ.ም. የቆመው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሐውልት የበቀለ መኰንን ሥራ ነው። የቀራጮቹን ስም እንዲህ እየቆጠርኩ ልነግራችሁ እችላለሁ። ያፈሰሱትን፣ የሞረዱትን ሰዎች ስም ግን ሕዝቡ አያውቅም። ፓታን ላይ ያዙልኝ ያልኳችሁ ይህንን ነው። ቀራጭ ብቻውን ሐውልት አያቆምም።

አሁን ወደ ገበያችን ዳር። እዚህ የምናገረውን አብዛኞቻችሁ ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ፤ ስለዚህ ዙሪያ ጥምጥም አልሄድም። በሀዲያም በከምባታም ሸክላ ሠሪው፣ ቆዳ ፋቂው፣ ብረት ቀጥቃጩ ለብዙ ትውልድ ከሌላው ተለይቶ ኖሯል። እናቶቻችን እንሰት የፋቁት፣ ቆጮ የከተፉት እሱ በሠራው መሣሪያ ነው። ቤታቸው ሲገባ ግን ቦታው ከደጅ አጠገብ ነበር፤ ልጁን ለጋብቻ የሚጠይቅ አልነበረም፤ መሬትም አልነበረውም። የሚጠራበትን ስም አልጠራውም፤ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፣ እዚህ አዳራሽ ውስጥም ቢነሣ የሚያመው ሰው አይጠፋም። በሰሜኑም የተሻለ አልነበረም፤ ቀጥቃጭ በቡዳነት ይታማ ነበር። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጁን በሙያው የሚሰድበውን የሚከለክል አዋጅ አውጥተዋል። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ለብዙዎቹ መሬት አስገኘ። ሠርግ ላይ ግን አዋጅ አይሠራም።

አንዳንዶቻችሁ «ታዲያ ኔፓልን ለምን ምሳሌ አደረግህ? እዚያም ወገን መለየት የለም ወይ?» ትሉኝ ይሆናል። አለ፣ ከእኛም የባሰ ነበር። ሐውልት የሚያፈሱት ሻክያዎች ራሳቸውን ከቡድሃ ዘር የሚቆጥሩ፣ የተከበሩ የካህናት ወገን ናቸው። እዚያው አገር ማረሻና ቢላዋ የሚቀጠቅጠው ካሚ የሚባለው ወገን ግን የማይነካ ተብሎ ኖሯል፤ ሕጉ የተለወጠው እ.ኤ.አ. በ1963 ነው። እሳቱ አንድ፣ መዶሻው አንድ፤ መዳብ ያቀለጠው ተከበረ፣ ብረት ያጋለው ተዋረደ። ስለዚህ የፓታን ታሪክ የመልካም ሕዝብ ታሪክ ነው አልልም። እኔ የምወስደው አንዱን ነገር ብቻ ነው፤ ሙያው ሺህ ዓመት የቆየው የሠራተኛው ልጅ አባቱን መምሰል ስላላሳፈረው ነው። የእኛ ቀጥቃጭ ልጅ ትምህርት ቤት ሲገባ መጀመሪያ የሚደብቀው የአባቱን ሥራ ነው። ሲያድግ ደግሞ እንደ ሌላው ወጣት ዐይኑ ደቡብ አፍሪካ ላይ ነው። አልፈርድበትም።

ይህን ተመልከቱ። (የተሰበረ የቧንቧ መክፈቻ ነው፤ ከእጅ ወደ እጅ አሳልፉት።) ከበድ ይላል አይደል? መዳብና ዚንክ ነው፤ እኛ ነሐስ የምንለው። ቁራሌው በየሰፈሩ እየዞረ ይህንን ይሰበስባል፣ ተጭኖ አዲስ አበባ ምናለሽ ተራ ይገባል። ነሐሱ ከሆሳዕና ወጥቶ ይሄዳል ማለት ነው፤ ሰሙም አለን፣ ኢትዮጵያ በአፍሪካ በማር ምርት ቀዳሚ አገር ናት። ጭቃው አለ። ወናፍ የሚነፋ፣ ብረት መቼ እንደሚግል በቀለሙ የሚያውቅ ሰው አለ። ይህ የመጨረሻው ከሁሉም ውዱ ነው፤ መጽሐፍ ስለማያስተምረው።

አንድ ስሌት ልስጣችሁ። ሰሙን መዝኑት። ለ1 ኪሎ ሰም 9 ወይም 10 ኪሎ ነሐስ ይበቃል፤ ለቦዮቹም ጨምሩበት። በዚህ ስሌት አንድ ጡጫ የሚያህል የሰው ራስ ለመጀመሪያ ሙከራ አይከብድም። ቴክኒክና ሙያ ኮሌጁ ምድጃ ያዘጋጅ፣ ከዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ ሙቀት መለኪያ ይምጣ፣ ቀራጩ ሰሙን ይሥራ፤ ማፍሰሱን ግን ገበያ ዳር ላለው ሰው ስጡት። ተማሪ አድርጋችሁ አይደለም፣ አስተማሪ አድርጋችሁ ነው። የሚከፈለውም የአስተማሪ አበል ይሁን። የመጀመሪያዎቹ ቢበላሹ አትደንግጡ፤ ነሐሱ ተመልሶ ይቀልጣል፣ የሚጠፋው ጭቃውና ከሰሉ ነው። እርጥብ ቅርጽ ላይ ብቻ እንዳታፈሱ፤ ውኃው በቅጽበት ተንኖ የቀለጠውን ብረት ፊት ላይ ይረጨዋል። ሰው የሚሞተው በዚህ ነው።

አንድ ቀን ደግሞ በሆሳዕና ወይም በዱራሜ አደባባይ ሐውልት ለማቆም ኮሚቴ ይቋቋም ይሆናል። የኮሚቴው አባላት ዛሬ እዚህ ከተቀመጣችሁት መካከል እንደምትሆኑ አልጠራጠርም። ውሉን ስትጽፉ ሦስት ነገር አስገቡልኝ። «ነሐስ» ብቻ አትበሉ፤ ከምን ከምን እንደተቀላቀለ፣ ውፍረቱ ስንት ሚሊ ሜትር እንደሆነ ይጻፍ፤ ካልተጻፈ ቀለም የተቀባ ፋይበርግላስ ይመጣላችኋል። ከገንዘቡ የተወሰነው እጅ ለአካባቢው ቀጥቃጮች ሥልጠናና ሥራ እንዲውል ይጻፍ። ሦስተኛው፣ የቀራጩ ስም በሚቀረጽበት መቆሚያ ላይ ያፈሰሰው፣ የሞረደውና የቀባው ሰው ስም በዚያው የፊደል መጠን ይቀረጽ። በዚህኛው ላይ ክርክር እንደሚነሣ አውቃለሁ፤ «የማን ልጅ ነው?» የሚል ሰው አይጠፋም። ቃለ ጉባኤው ላይ ስሙ ይመዝገብ፤ የጠያቂው ማለቴ ነው።

መክፈቻውን መልሱልኝና ወደ ጥያቄያችሁ እንግባ፤ ከኋላ በኩል እጅ ያወጣኸው ወጣት፣ አንተ ጀምር።